ከበሮው መቼ ዝም ይበል?
ግጥምን ከባንድ ጋር ስለ ማቅረብ ለዕጩ መምህራን የተዘጋጀ ትምህርት

ባለፈው የክበባችን ምሽት አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ «ግጥም በባንድ» ብሎ መድረክ ላይ ወጥቶ ነበር። ክራር ነበር፣ ኪቦርድ ነበር፣ ከበሮ ነበር፣ በተውሶ የመጣ ቤዝ ጊታርም ነበር። ያልነበረው ግጥሙ ነው። እኔ እየጮኽሁ አነባለሁ፤ ባንዱ እኔን ያገዘ መስሎት ይበልጥ ይመታል፤ እኔም ከባንዱ በላይ ለመሰማት ይበልጥ እጮኻለሁ። ከኋላ ወንበር አንድ ጓደኛችን «ግጥሙ የታለ?» ብሎ ሲጠይቅ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔን የከበደኝ ሳቁ አልነበረም፣ ጥያቄው ነው። እውነትም ግጥሙ የት ሄደ?

ከዚያ ምሽት ወዲህ ነገሩን ስመረምር ቆየሁ። በስልክ የሚገኘውን ሙዚቃ ደጋግሜ አዳመጥኩ፣ ያሠለጠኑንን መምህር ጠየቅሁ፣ ለእረፍት ቆቦ ስሄድም የሰርጉን ጨዋታ በሌላ ጆሮ ሰማሁት። ያገኘሁትን እዚህ ላይ ለማቅረብ የተነሣሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የወላጆች በዓል እየቀረበ በመሆኑ ክበባችን ይህንኑ ዝግጅት እንደገና ሊሞክር ስላሰበ ነው። ሁለተኛውን ወደ መጨረሻው ላይ እናገራለሁ፤ እሱ የሚመለከተው መድረኩን ሳይሆን አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

እንግዲህ ከስሙ እንጀምር። ሂፕሆፕ የሚባለውን ሙዚቃ አብዛኛዎቻችን በስልክና በባጃጅ ውስጥ ስለምንሰማው ከማሽን ብቻ የሚወጣ ይመስለናል። አጀማመሩ ግን እንዲህ ነው። ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር፣ ኩል ኸርክ በሚል ስም የሚታወቅ ከጃማይካ የመጣ ወጣት እህቱ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ሸክላ ያጫውት ነበር። ይህ ወጣት ጨፋሪዎቹን ሲመለከት አንድ ነገር ተገለጠለት። ሰዉ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ዘፋኙና ትሩምባዎቹ ዝም ብለው ድራሙና ቤዙ ብቻ በሚቀሩበት አጭር ቦታ ላይ ነው። ቦታው ግን ወዲያው ያልቃል። ስለዚህ አንዱን ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ እያስቀመጠ፣ አንደኛው ሲያልቅ በሁለተኛው እየቀጠለ፣ ያችን አጭር ቦታ አስረዘማት። በዚያች በተራዘመች ቦታ ላይ ነው በማይክሮፎን የሚናገሩ ሰዎች ቀስ በቀስ ግጥም መደርደር የጀመሩት። ልብ በሉ፤ ቃሉ የገባው ሌላው ዝም ባለበት ሰዓት ነው። እኔ በዚያ ምሽት ያላወቅሁት ይህንኑ ነበር።

ከዚያ በፊትም ቢሆን የሚነገር ግጥምን ከምት ጋር ያቀረቡ ነበሩ። በ1968 በሐርለም የተቋቋሙት «ዘ ላስት ፖኤትስ» የተባሉት ባለቅኔዎች ከእጅ ከበሮ በስተቀር ብዙም መሣሪያ አልነበራቸውም። ጊል ስኮት ሄረን የተባለው ባለቅኔ ደግሞ ለኛ ለተማሪዎች በጣም የሚጠቅም ሥራ ትቶልናል። አብዮቱ በቴሌቪዥን አይተላለፍም የሚል ርእስ ያለውን ዝነኛ ግጥሙን ሁለት ጊዜ ነው ያስቀዳው። በ1970 በወጣው ሸክላ ላይ ከከበሮ ጋር ብቻ ሲሆን፣ በ1971 በወጣው ላይ ግን ከሙሉ ባንድ ጋር ነው። በሁለተኛው ላይ ቤዝ የሚመታው ሮን ካርተር፣ ፍሉት የሚነፋው ሂዩበርት ሎውስ፣ ድራም የሚመታው በርናርድ ፐርዲ ናቸው፤ ሦስቱም የጃዝና የፈንክ ሊቃውንት። ሁለቱን አከታትላችሁ ብታዳምጡ ባንዱ ሲጨመር ቃሉ እንዳልጠፋ ትረዳላችሁ። ቤዙ አንዲት አጭር ነገር ይዞ ይመላለሳል። ፍሉቱ የሚገባው በቃሉ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ማንም ማንን ለመብለጥ አይሞክርም። ይኸው ሮን ካርተር ከሃያ ዓመት በኋላ በ1991 «ትራይብ ኮልድ ኩዌስት» ለተባሉት የሂፕሆፕ ልጆችም ቤዝ መትቷል።

ሂፕሆፕን ከማሽን አውጥቶ በሕያው ባንድ በመጫወት ስሙ የገነነው ግን «ዘ ሩትስ» የተባለው የፊላደልፊያ ባንድ ነው። በ1987 የመሠረቱት ሁለት ልጆች፣ ተናጋሪው ታሪክ ትሮተርና ድራም መቺው አሚር ቶምፕሰን፣ የተገናኙት እዚያው ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ የኪነ ጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያ የሚጫወቱት መንገድ ዳር ሲሆን፣ ድራም ሳይኖር ባልዲ ይመቱ ነበር። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። «መሣሪያ የለንም» እያልን ክበቡን ስንቱን ሳምንት ዘግተነዋል!

ጃዝና ፈንክ የሚሉትን ቃላት ሳላብራራ አለፍኩ። ጃዝ በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ከጥቁሮች ሕዝብ የወጣ ሙዚቃ ሲሆን፣ ዋናው ጠባዩ ተጫዋቹ ዜማውን ይዞ ወዲያው ከልቡ እያፈለቀ መጫወቱና ሌሎቹ ደግሞ ተራ መስጠታቸው ነው። ፈንክ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተለይ በጄምስ ብራውን የታወቀ ነው። በፈንክ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚናገረው ትንሽ ነገር ነው። ጊታሩ ጭክ ይልና ዝም ይላል፤ ቤዙ ሁለት ቃል ይናገርና ያርፋል፤ ትሩምባው አንዴ ይጮኽና ይጠፋል። ሁሉም የሚገናኙት «አንድ» በሚባለው በመጀመሪያው ምት ላይ ነው። በ1970 የወጣው «ፈንኪ ድራመር» የተባለው የጄምስ ብራውን ዘፈን ውስጥ ክላይድ ስተብልፊልድ ብቻውን የሚመታት አጭር የድራም ቦታ አለች፤ ያችን ቦታ የሂፕሆፕ ሰዎች እጅግ በብዙ ዘፈን ውስጥ ወስደዋታል። እንደገና ሌላው ዝም ያለበት ቦታ ማለት ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የሩቅ አገር ነው። ከክበባችን አባላት መካከል «ይሄ የፈረንጅ ነገር ምን ያደርግልናል» ያሉ ስላሉ፣ ወደ አገራችን ልመለስ።

ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፍኖ ያደገ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን እስከ መባል የደረሰ ድምፃዊ ነበር፤ በ2021 ዐርፏል። በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ የኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከጃዝ ጋር በማዋሐድ ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን ፈጠረ። «የግሌ ትዝታ» የተባለችውን ዜማውን አሜሪካዊው ናስና የቦብ ማርሌይ ልጅ ዴሚየን ማርሌይ በ2010 ለሂፕሆፕ ዘፈናቸው መሠረት አድርገዋታል። ስለዚህ ሂፕሆፕ ወደኛ መምጣቱን ብቻ አንናገር፤ የኛም ዜማ ወደ ሂፕሆፕ ሄዷል።

እኔ ግን ከሁሉ ረዘም አድርጌ ማቆየት የምፈልገው ሳክስፎን ነፊውን ጌታቸው መኩሪያን ነው። (አርቲስትን አንተ ማለት በአገራችን የፍቅር ስለሆነ፣ በዕድሜ አያቴ የሚሆነውን ሰው አንተ በማለቴ ይቅርታ አልጠይቅም።) ጌታቸው በ1935 በይፋት ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ክራርና ማሲንቆ ነበር፤ ከዚያ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሻገረ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ይህ ሰው ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሽለላና ፉከራን ከሰው አፍ ወስዶ ለሳክስፎን ሰጠው።

እስቲ ነገሩን እናስብበት። ፉከራ ዘፈን አይደለም፤ ንግግር ነው። ፎካሪው ምቱን አይከተልም፣ ትንፋሹን ነው የሚከተል። ቃሉን ያዥጎደጉደዋል፣ ድንገት ያቆማል፣ ይጮኻል፣ እንደገና ያዥጎደጉደዋል። ጌታቸው በሳክስፎኑ ይህንን ሁሉ ሲያደርግ ባንዱ ከሥሩ አንዱን ነገር ይዞ ይመላለሳል፤ አይከተለውም፣ አይቸኩልም። ቃል የለም፤ ግን የምንሰማው ንግግር ነው። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ስለሚወጣ ነገሩ ፉከራ መሆኑን ማንም አይስተውም። በ2006 «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። እነዚያ ልጆች የሮክ ሰዎች ናቸው፣ አማርኛ አይናገሩም፤ ፉከራው ግን ገባቸው። ጌታቸው በ2016 ዐረፈ።

የሚነገር ግጥምን ራሱን ከጃዝ ባንድ ጋር በተመለከተ ደግሞ፣ ከ2010 ወዲህ በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል «ጦቢያ ግጥም በጃዝ» የተባለ ዝግጅት በየወሩ ይቀርብ ነበር። ገጣሚዎች በተራ ይወጣሉ፣ ባንዱ ከሥራቸው ይጫወታል፤ በመካከሉ ወግና ንግግርም አለ። የተቀዳውን በስልክ ተመልክቻለሁ። አንዳንዱ ገጣሚ ባንዱን ያዳምጣል፤ አንዳንዱ ግን (ይህ የኔ አስተያየት ነው) ወረቀቱን ብቻ ያነባል፣ ባንዱም ለብቻው ይጫወታል፣ ሁለቱ በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን የተከራዩ ጎረቤቶች ይመስላሉ። በውጭ ካሉት ወገኖቻችን መካከልም በ2006 በኒውዮርክ «ቦሌ ቱ ሐርለም» የተባለው አልበም አማርኛን ከሂፕሆፕ ጋር አዋሕዷል።

አሁን ወደ ቆቦ እንውረድ። የራያን ቆላ የማታውቁ ጓደኞቼ፣ በተለይ ከደጋው የመጣችሁ፣ ስለኛ አገር የምትሰሙት ሙቀቱንና ማሽላውን ነው። ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎብዬን፣ ሮቢትን አልፋችሁ ቆቦ ስትደርሱ፣ ሜዳው ማሽላ ነው፣ በስተምዕራብ ደግሞ የዞብል ተቃራኒ የሆነው የላስታ ተራራ ነው። በነሐሴ አጋማሽ ሶለል ሲደርስ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ከኋላቸው ስሮጥ ልብ ያላልኩትን ባለፈው እረፍት ልብ አልኩት። አውጪዋ ግጥሟን በምትናገርበት ጊዜ ከበሮ መቺዋ እጇን ታለዝባለች፤ ቤት መምቻው ላይ ስትደርስ ግን ከበሮው ከጭብጨባው ጋር ተመልሶ ይመጣል። ማንም አላስተማራትም። ወይም ደግሞ ሁሉም አስተምሯታል።

በሰርግም እንደዚሁ። ጨዋታው ደርቶ፣ አቧራው ተነሥቶ፣ ዱላ የያዘ ጎልማሳ ወደ መካከል ዘው ሲል ከበሮው ይቆማል። እሱ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ይፎክራል። ሲጨርስ ከበሮው ይፈነዳል። ኩል ኸርክ በሁለት ሸክላ የፈለጋትን ቦታ የኛ ከበሮ መቺ በሁለት እጁ ሲያስገኛት ኖሯል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፉከራ የጦርነት ቃል ነው። የኛ አገር ደግሞ በ2021 እና በ2022 ጦርነት በላዩ ላይ አልፎበታል፤ ትምህርት ቤቶቻችን ያዩትን አይተዋል። የምናስተምራቸው ልጆች የተኩስ ድምፅ ከየት እንደመጣ በጆሮ መለየት የሚችሉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ አንድ ዕጩ መምህር «ፉከራ ባህላችን ነው» ብሎ ስለ መግደል የሚያወራ ቃል ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቢሰጥ እኔ አልስማማም። ግን ፉከራውን በሙሉ መተው አለብን? ጌታቸው መኩሪያ መልሱን የሰጠን ይመስለኛል። ቃሉን አወጣው፣ ትንፋሹን አስቀረው። በዚያ ትንፋሽ ላይ እኛ ሌላ ቃል ማስገባት እንችላለን፦ ስለ ጎሊና ወንዝ ሙላት፣ ስለ ማሽላ ጥበቃ፣ ስለ ማባዛት ሠንጠረዥም ቢሆን።

ወደ ዋናው ትምህርት ደረስን። እርሳስና ወረቀት የያዘ ያውጣ።

በሁለተኛ ደረጃ እንደተማርነው፣ አማርኛ ግጥም በቀለም ይለካል። አንድ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው። በወል ቤት እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ስድስት ቀለም ሲሆን፣ በሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው። ለምሳሌ ያህል እኔ ራሴ የጻፍኩትን ላቅርብ፤ ስለ ግጥሙ ጥራት አትፍረዱብኝ፣ ለመለኪያ ነው።

የማሽላው ጠባቂ ከማማው ላይ ወጥቶ፣
ወንጭፉን ያዞራል ወፍ መምጣቱን ሰምቶ።

ይህ ወል ቤት ነው። የ-ማሽ-ላው-ጠ-ባ-ቂ ብላችሁ በጣታችሁ ቁጠሩት፤ ስድስት ነው። ሰንጎ መገኑ ደግሞ ይኸውላችሁ፦

ጎሊና ሞልቶ መንገድ ተዘጋ፣
እናቴ ማዶ ሌሊቱ ነጋ።

ጎ-ሊ-ና-ሞል-ቶ፤ አምስት።

አሁን ምቱን እንመልከት። እኛ ችክችካ የምንለው ምት ስድስት ትንንሽ ምቶች አሉት፤ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ይከፈላሉ። የወል ቤት ሐረግም ስድስት ነው። ስድስት በስድስት ላይ ልክ ይገጥማል። ለዘፈን ይህ በጣም ጥሩ ነው፤ ዘፋኝ ድምፁን ስለሚያስረዝም ከከበሮው በላይ ይንሳፈፋል። ለሚነገር ግጥም ግን መጥፎ ነው። እያንዳንዱ ቀለም እያንዳንዱ የከበሮ ምት ላይ ይወድቃል፤ ቀለሙ አጭር፣ ከበሮው ከባድ፣ ስለዚህ ከበሮው ቀለሙን ይበላዋል። መተንፈሻም የለም። በዚያ ምሽት የሆነብኝ ይህ ነበር! ወል ቤት በችክችካ ላይ እየጮኽሁ ነበር። ግጥሙ የት ሄደ ለተባለው መልሱ፣ ከበሮው ሥር ነው።

የሂፕሆፕና የፈንክ ምት በብዛት አራት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እያንዳንዱን ለሁለት ብትከፍሉት «አንድ-እና-ሁለት-እና-ሦስት-እና-አራት-እና» ይሆናል፤ ስምንት ቦታ ማለት ነው። የወል ቤትን ሐረግ በስምንት ቦታ ላይ ብታስቀምጡት ሁለት ቦታ ይተርፋል። የሰንጎ መገንን ብታስቀምጡት ሦስት ይተርፋል። ጨዋታው ሁሉ ያለው በዚህ ትርፍ ላይ ነው። ትርፉን መጨረሻ ላይ ብትተዉት መተንፈሻ ይሆናችኋል፤ ባንዱም በዚያች ክፍተት ይመልስላችኋል፣ ልክ እንደ ሶለል ተቀባዮች። ትርፉን መጀመሪያ ላይ ብታደርጉት ደግሞ «አንድ» ላይ ከበሮው ብቻውን ይመታና ቃላችሁ ከኋላው ዘግይቶ ይገባል፤ ይህ ነገር አድማጩን ወደፊት ጎንበስ ያደርገዋል። ጎሊና ሞልቶን በሁለቱም መንገድ ሞክሩት። አንዱ ዜና ይመስላል፣ ሌላው ደግሞ እናቱን የሚጠብቅ ልጅ ይመስላል። ቃሉ አልተለወጠም እኮ።

ችክችካን ጨርሶ እንተው ማለቴ ግን አይደለም። በችክችካ ላይ መናገር የሚፈልግ ሰው ወይ እንደ ጌታቸው ሳክስፎን ምቱን ትቶ በትንፋሹ ይሂድ፣ ወይ ሐረጉን በሁለት ዙር ላይ ይዘርጋው፤ ማለትም ስድስቱን ቀለም በአሥራ ሁለት ቦታ ላይ። ሁለተኛው ከባድ ነው። እኔ እስካሁን አልቻልኩትም፤ አብሮኝ የሚያድረው ክራር መቺ ግን ይችላል፣ መጥታችሁ ጠይቁት።

ስለ ባንዱ ደግሞ ብዙ አልናገርም። በከበሮ ብቻ ጀምሩ። ቃሉ ከኋላ ወንበር ድረስ ከተሰማ ቤዙን ጨምሩ። አሁንም ከተሰማ ክራሩን ጨምሩ፤ ክራሩም ባቲን ወይም አምባሰልን ይዞ በቃሉ ክፍተት ብቻ ይግባ። ሁለቱም ቅኝት ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ነው፤ እኛ ሳንጠቀምባቸው የአውሮፓ ባንዶች እየተጫወቷቸው ነው። ቃሉ መሰማት ያቆመበት ቦታ ላይ ስትደርሱ፣ መጨረሻ የጨመራችሁትን መሣሪያ አውጡ። ኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይኑራችሁ። እኔ የዚያን ምሽት ጠያቂ ለዚህ ሥራ ለምኜው እሺ ብሎኛል።

አሁን ሁለተኛውን ምክንያት ልናገር። ለተግባር ልምምድ በሄድኩበት ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩን በጣቶቹ እየደበደበ በጥድፊያ ይናገር ነበር። ራፕ ነው። ግጥሙን የሰማው ከስልክ ሳይሆን ራሱ የፈጠረው ነበር፤ ስለ ፍየሎቻቸው ነው። ይህንን ያወቅሁት ግን ዘግይቶ ነው። በዚያን ሰዓት ያልኩት «ዝም በል! ይሄ የዱርዬ ነገር ነው» ነበር። ጥግ ላይም አቆምኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔም ክፍል መቆጣጠር ቻልኩ ብዬ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ልጁ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ በኔ ክፍለ ጊዜ አፉን አልከፈተም። አንብብ ስለው ተነሥቶ ይቆማል፣ መጽሐፉን ያያል፣ አያነብም። ጓደኞቹ «በሌላው መምህር ጊዜ ያነባል» አሉኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ባዶ ጀሪካን ይዤ ገባሁ። ቤታችን በሶለል ጊዜ ከበሮ ያላገኙ ልጆች የሚመቱት ያንን ቢጫ ጀሪካን ነው። ስለ ማሽላ ጠባቂው የጻፍኩትን ግጥም በሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ቀለሙን አስቆጠርኳቸው፤ ስምንት ሳጥን ሥዬም ስድስቱን ቀለም የት የት እንደሚያስቀምጡት ጠየቅኳቸው። ክፍሉ ተንጫጫ። ሦስት ሴት ልጆች ትርፉን መካከል ላይ አስቀመጡት፤ እኔ ያላሰብኩት ነው፣ ከኔ ይሻላል። ከዚያ ጀሪካኑን ማን ይመታል አልኩ። ሁሉም ወደዚያ ልጅ ዞረው ተመለከቱ። ወደ እሱ ሄጄ በልጆቹ ፊት «ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ዱርዬ ማለት አልነበረብኝም» አልኩት። ምንም አልመለሰም። ጀሪካኑን ግን ተቀበለኝ።

መታ። ልጆቹ ሲናገሩ እጁን ያለዝባል፣ ቤት መምቻው ላይ ሲደርሱ ይመለሳል። እኔ አላልኩትም። እሱ ግን ግጥሙን አብሮ አልተናገረም፤ ደወል ሲደወል ጀሪካኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። የልምምድ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

የክበባችን ልምምድ ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በትንሹ አዳራሽ ይጀመራል። ከበሮ የሌለው ጀሪካን ይዞ ይምጣ፤ ከማደሪያው የውኃ ጀሪካን እንዳይወሰድ ግን ተቆጣጣሪው አሳስበዋል።